ለቆየ ተቅማጥ ያለ ማዘዣ የሚገዙ መድኃኒቶች፦ የትኛው ገንዘቡ ይገባዋል?

አሜሪካ ውስጥ በትልልቆቹ ፋርማሲዎች የሆድ መድኃኒት መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው ምርጫው የበዛ ይመስለዋል። ሮዝ ጠርሙስ አለ፣ አረንጓዴ ካርቶን አለ፣ ብርቱካንማ የዱቄት ዕቃ አለ፤ ከጎናቸው ደግሞ የፋርማሲው የራሱ ስም የተለጠፈባቸው ርካሽ መንትዮቻቸው ቆመዋል። ካርቶኑን ገልብጦ ዋናውን ንጥረ ነገር ያነበበ ሰው ግን ተቅማጥ ያቆማሉ ተብለው የሚሸጡት በቁጥር ሁለት ብቻ ሆነው ያገኛቸዋል፦ ሎፔራማይድ እና ቢስመዝ ሰብሳሊሲሌት። ኢሞዲየም የመጀመሪያው ነው፣ ፔፕቶ ቢስሞል ሁለተኛው። ድሮ ከነጭ ሸክላና ከፔክቲን ይሠራ የነበረው ካኦፔክቴት እንኳ ስሙን ይዞ ውስጡን ለውጧል፤ ዛሬ ያው ቢስመዝ ነው። ፔፕቶና ካኦፔክቴት አንድ ላይ የገዛ ሰው አንዱን መድኃኒት ሁለቴ ከፈለበት ማለት ነው።

እዚህ የምንመዝናቸው ለአንድ ሌሊት ሩጫ አይደለም። ተቅማጥ ከአራት ሳምንት ካለፈ ሐኪሞች ሥር የሰደደ ይሉታል፤ መድኃኒቶቹን ያየናቸው ለዚህኛው ነው። በዚህ ሚዛን ሎፔራማይድ አንደኛ ይወጣል። ሳይሊየም የሚባለው ፋይበር በቅርብ ይከተለዋል። ቢስመዝ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ፕሮባዮቲክ፣ ማለትም ለአንጀት ይጠቅማሉ ተብለው የሚሸጡት ሕያዋን ረቂቅ ተሕዋስያን፣ ገንዘብ ሲተርፍ የሚታሰብ ነው። በውሃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ኦ አር ኤስ፣ ተቅማጥ ስለማያቆም ውድድሩ ውስጥ አይገባም፤ ከቤት ግን መጥፋት የለበትም።

ሎፔራማይድ

እ.ኤ.አ. በ1969 ቤልጂየም ውስጥ በያንሰን ኩባንያ የተሠራ መድኃኒት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1988 ጀምሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ የሞርፊን ዘመድ ነው። አንጀት ግድግዳ ውስጥ ባሉት ነርቮች ላይ ተቀምጦ የአንጀቱን ግፊት ያዘገየዋል። ምግቡ ሲዘገይ ውሃው ወደ ሰውነት ለመመለስ ጊዜ ያገኛል፣ ሰገራው ይወፍራል። የፊንጢጣን ጡንቻም ጠበቅ ያደርጋል፤ “ሽንት ቤት ሳልደርስ ያመልጠኛል” ለሚሉ ሰዎች ትልቁ ጥቅሙ ይኸኛው ነው። ወደ አንጎል ሊገባ ሲል ፒ ግላይኮፕሮቲን የተባለ ፓምፕ ደጃፉ ላይ ይዞ ይመልሰዋል፤ በታዘዘው መጠን የማያደነዝዘው ለዚህ ነው። ይህን ፓምፕ አስታውሱት፣ ኋላ ስለ አደጋው ስንናገር እንመለስበታለን።

አንዷ ፍሬ 2 ሚሊግራም ናት። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የአዋቂ አወሳሰድ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ሁለት ፍሬ፣ ከዚያ ቀጭን ሰገራ በወጣ ቁጥር አንድ አንድ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከአራት ፍሬ ማለትም ከ8 ሚሊግራም ሳይበልጥ። ሐኪም እየተከታተለ ሲያዝ እስከ 16 ሚሊግራም ሊደርስ ይችላል፤ ያ ግን በራስ ውሳኔ የሚደረግ ነገር አይደለም።

“ሲወጣ ዋጥ” የሚለው ይህ አወሳሰድ ለድንገተኛ ተቅማጥ ጥሩ ነው፣ ለቆየው ግን ደካማ ነው። ምክንያቱ ፍጥነቱ ነው። ካፕሱሉ ደም ውስጥ ከፍተኛው መጠን ላይ ለመድረስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፣ ሽሮፑ ደግሞ 2 ሰዓት ተኩል። ቁርሱን በልቶ ወዲያው የሚሮጥ ሰው ከሩጫው በኋላ ቢውጠው መድኃኒቱ ጉልበት የሚያገኘው ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ጠዋቱ አልፏል፣ ሥራም ረፍዷል። ስለዚህ በየቀኑ በታወቀ ሰዓት የሚያስቸግር ሆድ ያለው ሰው መዋጥ ያለበት ቀድሞ ነው፦ ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁርስ የሚበላ የታክሲ ሾፌር ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት አንዷን ዋጥ ቢያደርግ፣ ሁለት ሰዓት ላይ አውራ ጎዳና መሀል ሽንት ቤት ፍለጋ ከመውጣት ይድናል።

ሁለተኛው ስህተት ትዕግሥት ማጣት ነው። አንድ ውጠው ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ፣ “አልሠራም” ብለው ሌላ ይጨምራሉ፣ ሦስተኛም ይከተላል። ማታ ላይ ሁሉም አንድ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ድርቀት፣ ሆድ ተነፍቶ ቁርጠት፤ ሰውየው መድኃኒቱን ጠልቶ ይተወዋል፣ በአራተኛው ቀን ተቅማጡ ይመለሳል፣ እንደገና ሦስት ፍሬ። ዥዋዥዌው ያለማቋረጥ ይቀጥላል። መውጫው በትንሹ ጀምሮ አንድ ዓይነት መጠን ላይ መጽናት ነው፦ ለሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት አንድ ብቻ፣ ካልበቃ ከምሳ በፊት አንድ መጨመር፣ እንደገና ሦስት ቀን ማየት። መድኃኒቱ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 11 ሰዓት ገደማ ስለሚፈልግ የዛሬው ለነገ ይተርፋል፤ የዛሬን ውጤት በዛሬ መፍረድ የሚያሳስተው ለዚህ ነው። አንድ ፍሬ እንኳ ለሚያደርቃቸው ሰዎች ሽሮፑ ይሻላል። አሜሪካ የሚሸጠው በ7.5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 1 ሚሊግራም ስላለው ግማሽ መጠን ለመለካት ይመቻል፤ አብራው በምትመጣው መስፈሪያ ኩባያ እንጂ በወጥ ማንኪያ አይለካም።

“ከሁለት ቀን በላይ አይውሰዱ” የሚለው ማስጠንቀቂያስ? ብዙዎች መድኃኒቱ በሦስተኛው ቀን መርዝ የሚሆን ይመስላቸዋል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሁለት ቀን ሙሉ ያልቆመ ተቅማጥ ምክንያቱ መታወቅ አለበት፤ ካርቶኑ ደግሞ ምክንያቱን ሊያውቅ አይችልም። ተመርምረው ሕመሙ የታወቀላቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ ተቅማጥ የሚበዛበት የአንጀት መቆጣት ወይም አንጀታቸው በቀዶ ጥገና ያጠረ፣ ሐኪማቸው እያወቀ ለዓመታት ይወስዱታል። ያልተመረመረ ሰው ግን በየሁለት ቀኑ አንድ ቀን እያረፈ ማስጠንቀቂያውን ያከበረ ቢመስለው ራሱን ነው የሚያታልለው።

ለጾመኛም ይመቻል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ማታ ከእራት በፊት የወሰደው ግማሽ ያህሉ ጠዋትም ስለሚኖር ቅዳሴ ላይ አያስጨንቀውም። ሮመዳን ላይም በሱሁር ሰዓት የተዋጠ ቀኑን ይይዛል። ጾሙ ራሱ ሌላ ጣጣ አለው፦ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ጋዝ ያበዛሉ፤ ያንን ሎፔራማይድ አይፈታውም። በዚያ ጊዜ ሲሜቲኮን 125 ሚሊግራም የተደባለቀበት ዓይነቱ ትርጉም አለው። መነፋት ለሌለው ሰው ግን የዋጋ ልዩነቱን የሚያስከፍል ምንም ነገር የለውም።

ስለ ስም ዋጋ ደግሞ አንድ ቃል። የፋርማሲው የራሱ ስም ያለበት ሎፔራማይድ 2 ሚሊግራም ከኢሞዲየም ጋር አንድ ነው፣ ዋጋው በጣም ይቀንሳል። መለየት ያለበት ሌላው ነው፦ ካፕሱሉ ከጀላቲን ስለሚሠራ፣ ጀላቲኑ ከየትኛው እንስሳ እንደመጣ ለሚያስጨንቀው ሰው ኪኒኑ ይመረጣል። አንዳንዶቹ ኪኒኖችና ካፕሱሎች ጥቂት ላክቶስም (የወተት ስኳር) አለባቸው። መጠኑ አነስተኛ ስለሆነ አብዛኛውን ሰው አይነካም፤ ወተት ጠብታው እንኳ የሚያስቸግረው ሰው ግን ከጀርባ ያለውን ዝርዝር ያንብብ።

ማሸጊያው ሰውን ያበሳጫል። እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ታሽጎ፣ ከጀርባው ወረቀትና ፎይል ተደርቦበታል። በአውራ ጣት ሲገፉት ካፕሱሉ ይሰነጠቅና ዱቄቱ እጅ ላይ ይቀራል። አከፋፈቱ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ክፍሉን በተበሳሳው መስመር መገንጠል፣ ቀጥሎ ወረቀቱን ከማዕዘኑ ልጦ ማንሳት፣ ከዚያ የቀረውን ስስ ፎይል መግፋት። ምላስ ላይ የሚሟሟው ዓይነት ደግሞ ጭራሽ አይገፋም፤ ፎይሉ ተልጦ በደረቅ ጣት ይነሳል፣ ርጥብ ጣት ከነካው እዚያው ይሟሟል። ብስጭቱ ያለምክንያት አልመጣም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍ ዲ ኤ የሚባለው፣ በ2016 ሎፔራማይድን ከልክ በላይ የወሰዱ ሰዎች የልብ ምት እንደሚዛባባቸውና ሊሞቱ እንደሚችሉ አስጠነቀቀ። በ2018 ደግሞ በአንድ ካርቶን የሚያዘው መጠን እንዲወሰን፣ ፍሬውም በነጠላ እንዲታሸግ አምራቾቹን ጠየቀ፤ በ2019 ካርቶኑ ከ48 ሚሊግራም በላይ እንዳይዝ የሚያደርገውን ለውጥ አጸደቀ።

እዚህ ላይ ያ ፓምፕ ይመለሳል። ፓምፑንና መድኃኒቱን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም የሚያዳክሙ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ አብረው ከተወሰዱ ልከኛ የነበረው መጠን ከልክ በላይ ይሆናል። ኤፍ ዲ ኤ ከዘረዘራቸው ውስጥ ሪቶናቪር፣ ኬቶኮናዞል፣ ኢትራኮናዞል፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ሲሜቲዲን፣ ጄምፊብሮዚልና ኪኒን (የወባው) ይገኙበታል። ለእኛ ሰው በጣም የሚቀርበው ክላሪትሮማይሲን ነው፤ ለጨጓራ ባክቴሪያ ለኤች ፓይሎሪ ከሚታዘዙት ጥቅሎች በአንዳንዶቹ ውስጥ አለ። ያ ጥቅል ራሱ ብዙ ጊዜ ያስቀምጣል፣ ሰውየው ለማስቆም ሎፔራማይድ ይደርብበታል። ይህን ከማድረግ በፊት ፋርማሲስቱን መጠየቅ ያስፈልጋል። የልብ ምት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም እንዲሁ። መድኃኒቱን ወስዶ ራሱን የሳተ ወይም ልቡ ያለ ሥርዓት የሚመታበት ሰው ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚሄደው።

ጭራሽ መወሰድ የሌለበት ጊዜም አለ። ሰገራ ውስጥ ደም ሲታይ፤ ከፍተኛ ትኩሳት ሲኖር፤ ተቅማጡ የጀመረው አንቲባዮቲክ እየተወሰደ ወይም ከተጨረሰ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ከሆነ (ሲ ዲፍ የሚባለው ባክቴሪያ ይጠረጠራልና)፤ የአንጀት ቁስለት ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙ ሲነሳበት። በነዚህ ጊዜ አንጀትን ማሰር መርዙን ውስጥ ማቆየት ነው፣ ትልቁ አንጀትም እስኪያብጥ ሊነፋ ይችላል። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ክልክል ነው፤ ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅም ያለ ሐኪም አይሰጥም።

ሳይሊየም

ሜታሙሲል በሚባለው ስም የታወቀ ነው፤ የእፅዋት ፍሬ ልጣጭ ዱቄት። ካርቶኑ ላይ ለድርቀት እንደሚሆን ስለተጻፈ ተቅማጥ ያለበት ሰው አይቶ ያልፈዋል። ስህተት ነው። ዱቄቱ ውሃ የሚይዝ ስፖንጅ ነው፦ ደረቅ አንጀት ውስጥ ውሃ ያቆያል፣ ቀጭን ሰገራ ውስጥ ደግሞ የፈሰሰውን ውሃ ሰብስቦ ቅርፅ ይሰጠዋል። ተልባ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣውን ልጋግ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ተልባው ራሱ ግን ምትኩ አይሆንም፤ ዘይቱና ፍሬው ብዙ ሰው ያስቀምጣል።

አንድ ሙሉ መጠን የሚባለው 3.4 ግራም ሳይሊየም ነው፣ በዚያ አይጀመርም። ለመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ጊዜ ከዚያ ያነሰ መጠን፤ ሆድ ካልተነፋ በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ጊዜ። በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ዱቄቱን እየነሰነሱ በፍጥነት ማማሰልና ሳይቆዩ መጠጣት ነው። ስልክ አንስተው አምስት ደቂቃ ካወሩ ብርጭቆው ውስጥ የሚጠብቃችሁ እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት የረጋ ነገር ነው፣ ማንኪያ ይቆምበታል፤ ያንን መዋጥ አያስፈልግም፣ ይደፋና አዲስ ይበጠበጣል። ደረቁን ዱቄት ወደ አፍ መጣል ጉሮሮ ላይ አብጦ ሊያንቅ ይችላል። መዋጥ የሚቸግራቸው ሽማግሌዎችና አንጀታቸው ጠቦ የሚያውቅ ሰዎች አይውሰዱት። ሌሎች መድኃኒቶችንም ይይዛልና በመካከል ሁለት ሰዓት ማራራቅ ያስፈልጋል።

ከስኳር ነጻ የሚለውን ዓይነት ስትገዙ ማጣፈጫው ምን እንደሆነ ተመልከቱ። በ“ኦል” የሚያልቁ ማጣፈጫዎች፣ ሶርቢቶልና ዛይሊቶልን የመሳሰሉት፣ ራሳቸው ያስቀምጣሉ። ሐሞት ከረጢታቸው ከወጣ በኋላ ለተቸገሩ ሰዎች ሳይሊየም ከሎፔራማይድ ጋር አብሮ ሲሞከር ይረዳል፤ የዚያ ችግር ትክክለኛ መድኃኒት ኮለስቲራሚን ግን በማዘዣ ብቻ ነው የሚገኘው።

ቢስመዝ

ለሁለት ቀን ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለሁለት ወር ግን አይሆንም። በአንዷ ኪኒን 262 ሚሊግራም አለ፤ አወሳሰዱ ሁለት ሁለት ሆኖ በየግማሽ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ፣ በቀን ከስምንት ጊዜ ሳይበልጥ፣ ቢበዛ ለሁለት ቀን። ውስጡ ያለው ሳሊሲሌት የአስፕሪን ዘመድ ነው፤ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን የሚወስድ፣ አስፕሪን የማይስማማው፣ የጨጓራ መድማት የነበረበት ሰው ይራቀው። ጉንፋን ወይም ጉድፍ ለያዘው ልጅና ጎረምሳም አይሰጥም። ምላስና ሰገራን ያጠቁራል፤ ጉዳት የለውም፣ ግን ችግር ያመጣል፦ ከጨጓራ የደማ ሰው ሰገራም ጥቁር ነው፣ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና በጣም የሚሸት። ቢስመዝ እየወሰደ ያለ ሰው የደማበትን ቀን ላያውቀው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ የቢስመዝ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ የወሰዱ ብዙ ሰዎች አንጎላቸው ተመርዟል፤ ዛሬ “ዕፅዋት ማለት ይቻላል፣ አይጎዳም” እያለ በየቀኑ የሚጠጣውን ሰው ይህ ሊያስቆመው ይገባል።

ኦ አር ኤስ

አገር ቤት ብዙ ሰው “ለምለም” ይለዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ቀመር የተሠራው አንድ ከረጢት ለአንድ ሊትር ውሃ ነው፤ ውስጡ 13.5 ግራም ግሉኮስ፣ 2.6 ግራም ጨው፣ 2.9 ግራም ሲትሬትና 1.5 ግራም ፖታሲየም ክሎራይድ አለ። ልኩ የተጠና ስለሆነ አይነካካም። በብዛት የምናየው ጥፋት ሙሉውን ከረጢት በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ መጨመር ነው። የወፈረው ውሃ አንጀት ውስጥ ሌላ ውሃ ይስባል፣ ተቅማጡ ይብሳል፣ ሰውየውም “ለምለም አይስማማኝም” ይላል። ግማሽ ሊትሩ ሃይላንድ ሁለት ጊዜ ይለካል። ንጹሕ ውሃ መጀመሪያ ፈልቶ ይቀዘቅዛል እንጂ ከተበጠበጠ በኋላ አይፈላም፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ስፕራይትና ሚሪንዳ ጋዙ ወጣ አልወጣ ስኳራቸው ይበዛል፣ ጨዋቸው የለም፣ ምትክ አይሆኑም። ሥር የሰደደ ተቅማጥ ያለበት ሰው ይህን የሚፈልገው ሲነሳ ዓይኑ ሲጨልምበት፣ ሽንቱ ሲጠቁርና ሲያንስ፣ ወይም እግሩን ቁርጥማት ሲይዘው ነው።

ፕሮባዮቲክ ላይ ብዙ አንቆይም። የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ማኅበር በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአንጀት መቆጣት ከጥናት ውጭ አልመከረውም። ፍሎራስተር የሚባለው ደግሞ ሕያው እርሾ ነው፤ የሰውነት መከላከያው የደከመ ወይም ደም ሥሩ ውስጥ ቋሚ ቱቦ ያለው ሰው አይወስደውም።

ምንም ሳይገዙ የሚቆም

ከመደርደሪያው በፊት የቤት መሳቢያውን መክፈት ያዋጣል። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ዋነኛ አስቀማጭ ነው፤ ቀስ ብሎ ወደሚለቀቀው ዓይነት ሲቀየር ብዙ ሰው ይሻለዋል፣ ቅያሬው ግን የሐኪም ነው። ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ ሽሮፕም ያው ነው። ኦሜፕራዞልን ለዓመታት የወሰደ ሰው ደግሞ በዓይን የማይታይ፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታወቅ የአንጀት ብግነት ሊይዘው ይችላል፤ በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ላይ ይበዛል።

ቀጥሎ ማኪያቶው። ልጅ እያለን የምንፈጨው የወተት ስኳር ካደግን በኋላ ለብዙዎቻችን አይፈጭም። ለሁለት ሳምንት ወተትን፣ አይስክሬምንና የወተት ዱቄት ያለበትን ሁሉ አቁሞ ማየት ከማንኛውም ኪኒን ይረክሳል። ቅቤ ውስጥ ላክቶስ የለም ማለት ይቻላል፣ እርጎም ይቀንሳል፤ ንጥር ቅቤ የገባበትን ዶሮ መተው አያስፈልግም። ካቆሙ በኋላ ከተሻለ፣ 9,000 ዩኒት ላክቴዝ (ላክቶስን የሚፈጨው ኢንዛይም) ያላት ኪኒን ከመጀመሪያው ጉንጭ ጋር አብራ ትዋጣለች። ማኪያቶው ካለቀ በኋላ የተዋጠች ኪኒን ሥራ የላትም፤ “ሞከርኩት፣ አልሠራም” ከሚሉት አብዛኞቹ ያረፈዱ ናቸው።

እንጀራም ይጠየቃል። ጤፍ ግሉተን፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የለውም፣ ግን አሜሪካና አውሮፓ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይደባለቅበታል። “እንጀራ ብቻ ነው የምበላው” ብሎ ሴሊያክን (ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበትን ሕመም) ከዝርዝሩ ያወጣ ሰው ጋጋሪዋን መጠየቅ አለበት። የሴሊያክ የደም ምርመራ የሚደረገው ደግሞ ስንዴ እየተበላ ሳለ ነው፤ አስቀድሞ ካቆሙት ውጤቱ ያታልላል።

የፍላጂል ነገር

አገር ቤት ቆየት ያለ ተቅማጥ ሲባል መጀመሪያ የሚገዛው ሎፔራማይድ አይደለም፣ ሜትሮኒዳዞል (ፍላጂል) ነው። በሕግ በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ቢሆንም “ጃርዲያ ነው” ብሎ የሚገዛ ብዙ ነው። ጃርዲያ በእርግጥ ተቅማጥን ለሳምንታት ያቆያል፣ መድኃኒቱም ይገድለዋል። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጃርዲያ የአንጀቱን ሽፋን ስለሚጎዳ፣ ተውሳኩ ከሞተም በኋላ ወተት ለሳምንታት ላይፈጭ ይችላል። ሰውየው ሲድን ማኪያቶውን ይጀምራል፣ ሆዱ ይጮኻል፣ “ጃርዲያው አልጠፋም” ብሎ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ዙር ፍላጂል ይውጣል፤ አፉ ብረት ብረት ይለዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል። የሚያስፈልገው አንድ ወር ያለ ወተት ነበር። ጃርዲያ በየቀኑ ስለማይወጣ በአንድ ሰገራ “ነጻ” መባልም አያስተማምንም፤ በማይክሮስኮፕ ከሆነ በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ ሦስት ናሙናዎች ይታያሉ።

ውጭ አገር ላለነው ሌላም አለ። ስትሮንጊሎይድስ የሚባለው ትል አገር ከለቀቁ ከአሥርተ ዓመታት በኋላም ሰውነት ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ቢልሃርዚያም ለዓመታት ይቆያል። የአሜሪካው ሐኪም ስለ ትል ላያስብ ይችላልና የት እንዳደግን፣ በየትኛው ወንዝ እንደዋኘን መንገር የእኛ ሥራ ነው። ለአንጀት ብግነት ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት የስትሮንጊሎይድስ የደም ምርመራ ይጠየቅ፤ ስቴሮይድ ያንን ትል እስከ ሞት በሚያደርስ ሁኔታ ያራባዋል።

ክብደት መቀነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ፣ ደም፣ የደም ማነስ፣ በቤተሰብ የአንጀት ካንሰር፣ ወይም ከ45 ዓመት በኋላ አዲስ የመጣ ለውጥ ካለ ከላይ ያለው ሁሉ ይቆይና ምርመራው ይቅደም። ሐኪም ጋር ሲኬድ የተወሰዱትን ካርቶኖች በሙሉ በፌስታል ይዞ መሄድ ነው፤ “ሮዟን ጠጣሁ” ለሐኪሙ ምንም አይነግረውም።

ለእናት ወይም ለአክስት በሻንጣ የሚላክ ከሆነ ፍሬዎቹን ከካርቶኑ አውጥቶ በላስቲክ መቋጠር ይቅር። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ካርቶኑ ላይ በወፍራም እስክሪብቶ በአማርኛ ይጻፍበት፦ “ለተቅማጥ። ከምግብ በፊት አንድ። በቀን ከአራት አይበልጥም። ሁለት ቀን ካላቆመ ሐኪም ጋ ይሂዱ። ደም ካዩ ወይም ካተኮሰዎት አይውሰዱት። ለልጆች አይሰጥም።” የደም ግፊትና የልብ መድኃኒታቸውን ስም ደግሞ ከመላኩ በፊት በስልክ አስነብቦ ለፋርማሲስት ማሳየት ይቀድማል።